ክላውድ ላይ የሚሠራ አፕሊኬሽናችሁን ፍጥነትና ጤንነት እንዴት ትከታተላላችሁ? ከተጠቃሚው እስከ ማሽኑ

ሲፒዩው 20 በመቶ ላይ ነው። ሜሞሪውም አልሞላም። የክላውዱ ፓኔል ላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ተጠቃሚዎች ግን «ገጹ አልከፈት አለ» እያሉ ነው። ክላውድ ላይ አፕሊኬሽን የሚያስኬድ ሰው ይዋል ይደር እንጂ እዚህ ቦታ ላይ ይደርሳል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ስንለካ የቆየነው ማሽኑን እንጂ አፕሊኬሽኑን አይደለም።

ፓኔሉ ላይ ያሉት ግራፎች ማሽኑን የሚያዩት ከውጭ ሆነው ነው። ውስጥ ያለው ፕሮግራም ዳታቤዝ እየጠበቀ ይሁን አይሁን አያውቁም። ስንት ሪኩዌስት (ተጠቃሚው ወደ አፕሊኬሽኑ የሚልከው ጥያቄ) ወረፋ ይዞ እንደቆመም አያውቁም። ስለዚህ እዚህ የምንሄደው ከተለመደው በተቃራኒ ነው። ከተጠቃሚው እንነሳለን፣ ወደ አፕሊኬሽኑ እንገባለን፣ ማሽኑ ጋ የምንደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

በምሳሌነት የምጠቀመው ፕሮሜቲየስንና ግራፋናን ነው፤ ፕሮሜቲየስ ቁጥሮቹን ሰብስቦ ያስቀምጣል፣ ግራፋና በግራፍ ያሳያል። ሁለቱም ክፍት ምንጭ ናቸው፣ የትኛውም ክላውድ ላይ ይሠራሉ። ሌላ መሣሪያ የምትጠቀሙ ብትሆኑም አካሄዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ምን እንደምትለኩ ቀድማችሁ ወስኑ

መሣሪያ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ወረቀት ያዙ። አፕሊኬሽናችሁ ውስጥ ቢበላሽ ሰው ወዲያው የሚያማርርባቸውን ሦስት ወይም አራት ሥራዎች ጻፉ። መግቢያው፣ ፍለጋው፣ ክፍያው ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ አንድ ግብ አስቀምጡ። ለምሳሌ፦ «ከ100 የክፍያ ሪኩዌስት 99ኙ ከ800 ሚሊሰከንድ በታች ምላሽ ያግኙ።» ግብ ከሌለ ግራፉ ላይ ያለው መስመር ከፍ ቢል ዝቅ ቢል መልካም ይሁን መጥፎ መለየት አይቻልም።

ለእነዚህ ሥራዎች አራት ነገር ይለካል። የጉግል ኢንጂነሮች «አራቱ ወርቃማ ምልክቶች» ብለው ያስተዋወቋቸው ናቸው፦ የምላሽ ጊዜ፣ የሪኩዌስት ብዛት፣ የስህተት ብዛትና የመጨናነቅ መጠን። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። መጨናነቅ ማለት «ምን ያህል ተጠቀምን» ማለት ብቻ አይደለም፤ «ስንቱ ተራ እየጠበቀ ነው» ማለትም ነው። ወረፋ መኖሩን የሚናገር ቁጥር ከሌላችሁ ችግሩን የምታውቁት ከደረሰ በኋላ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። የተሳካውንና የከሸፈውን ሪኩዌስት የምላሽ ጊዜ ለየብቻ ለኩ። ዳታቤዙ ሲወድቅ ሪኩዌስቶች በ3 ሚሊሰከንድ ስህተት መልሰው ሊወጡ ይችላሉ። አንድ ላይ ከደባለቃችሁት ሁሉ ነገር በተበላሸበት ሰዓት ግራፉ «ፈጠንን» ይላችኋል።

ደረጃ 2፦ አማካይን አትመኑ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ክትትል የሚበላሸው እዚህ ነው።

100 ሪኩዌስት መጣ እንበል። 98ቱ በ50 ሚሊሰከንድ አለቁ። 2ቱ ግን 5 ሰከንድ ፈጁ። አማካዩን ስታሰሉት 149 ሚሊሰከንድ ነው። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ማንም አይደነግጥበትም። ነገር ግን 149 ሚሊሰከንድ የፈጀበት አንድም ተጠቃሚ የለም። አብዛኛው ሰው በ50 ሚሊሰከንድ ሄዷል፣ ሁለቱ ደግሞ 5 ሰከንድ ሙሉ ተገትረዋል።

ስለዚህ የሚታየው ፐርሰንታይል ነው። ፒ50 ማለት ግማሹ ሪኩዌስት ከዚህ በታች አለቀ ማለት ነው። ፒ95 ማለት ከ100 95ቱ፣ ፒ99 ማለት ከ100 99ኙ። ከላይ ባለው ምሳሌ ፒ50 50 ሚሊሰከንድ ነው። ፒ95ም 50 ሚሊሰከንድ ነው። 5 ሰከንዱ ብቅ የሚለው ፒ99 ላይ ነው። ፒ95 ብቻ የሚያይ ሰው ችግሩን ጨርሶ አያየውም።

«ሁለት በመቶ ምን አላት?» የሚል ካለ ይህን ያስላ። አንድ ገጽ ሲከፈት ከጀርባ 20 ጥሪ የሚያደርግ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ጥሪ 2 በመቶ የመዘግየት ዕድል ካለው፣ ቢያንስ አንዱ የመዘግየቱ ዕድል 33 በመቶ ይሆናል። ገጹን ከሚከፍቱ ሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ይንቀራፈፍበታል ማለት ነው። ጥሪ በበዛ ቁጥር ያ ትንሹ ጅራት የብዙኃኑ ኑሮ ይሆናል።

ሌላም አለ። የሦስት ሰርቨሮችን ፒ99 ደምሮ ለሦስት ማካፈል ትርጉም የለውም። አንዱ ሰርቨር 10 ሪኩዌስት፣ ሌላው 10,000 አስተናግዶ ሊሆን ይችላል። ፐርሰንታይል ከመሰላቱ በፊት ጥሬው ቁጥር መደመር አለበት። ይህን የሚያስችለው ሂስቶግራም ነው፤ ወደ እሱ እንሂድ።

ደረጃ 3፦ ኮዱ ውስጥ መለኪያ አስገቡ

ለፕሮሜቲየስ ለሁሉም ታዋቂ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ላይብረሪ አለ። ላይብረሪውን ትጨምራላችሁ፣ አፕሊኬሽኑ ቁጥሮቹን «ሜትሪክስ» በሚባል አድራሻ ላይ ያወጣል፣ ፕሮሜቲየስ በየጊዜው መጥቶ ይወስዳል። ከአንድ አቅራቢ ጋር መጣበቅ ካልፈለጋችሁ ኦፕንቴሌሜትሪ የሚባለውን ክፍት የመለኪያ መስፈርት ተጠቀሙ። በ2019 ኦፕንትሬሲንግና ኦፕንሴንሰስ የሚባሉ ሁለት ፕሮጀክቶች ተዋሕደው የተፈጠረ ነው፤ ዛሬ አብዛኛዎቹ የክትትል ድርጅቶች ይቀበሉታል።

ሦስት ዓይነት መለኪያ ታውቃላችሁ ብዬ ልነሳ፣ ለማያውቅም ባጭሩ፦ ካውንተር የሚጨምር እንጂ የማይቀንስ ቆጣሪ ነው። ጌጅ የአሁኑን መጠን ያሳያል፣ ይወጣል ይወርዳል። ሂስቶግራም እያንዳንዱን ሪኩዌስት በፈጀው ጊዜ ልክ በየባልዲው ይከታል። ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ስንት፣ ከ250 በታች ስንት፣ ከ500 በታች ስንት እያለ።

የባልዲዎቹን ወሰን እንዳለ ከላይብረሪው አትውሰዱ። ግባችሁ 800 ሚሊሰከንድ ከሆነ 800 ራሱ ወሰን መሆን አለበት። ከ500 ቀጥሎ 1000 ከሆነ ያለው፣ ፕሮሜቲየስ መሃሉን በግምት ነው የሚሞላው። ግቡን መትታችኋል ወይስ ስታችኋል የሚለው ጥያቄ በግምት ይመለሳል ማለት ነው። በግባችሁ ዙሪያ ጠበቅ ጠበቅ አድርጉ፣ ሩቅ ያለውን ላላ አድርጉ።

ቀጥሎ ሌብል። ሌብል ማለት መለኪያው ላይ የሚለጠፍ መለያ ነው፦ የትኛው መንገድ፣ ምን ዓይነት ጥሪ፣ ምን ዓይነት ምላሽ። ጠቃሚ ነው፤ ካልተጠነቀቁ ግን ሲስተሙን ይጥላል። 20 መንገድ፣ 4 የጥሪ ዓይነት፣ 5 የምላሽ ክፍል፣ 12 ባልዲ ቢኖር ቢበዛ 4,800 የቁጥር ተከታታይ ይሆናል። ፕሮሜቲየስ ይህን ሳያልበው ይሸከማል። አሁን የተጠቃሚ መለያ ቁጥር ጨምሩበት። 10,000 ተጠቃሚ ካለ 48 ሚሊዮን ደረሰ። የፕሮሜቲየስ ሰርቨር ሜሞሪ የሚያልቀው እንዲህ ነው። የተጠቃሚ መለያ፣ ኢሜይል፣ የትዕዛዝ ቁጥር ሌብል ላይ በፍጹም አይገባም፤ ቦታው ሎግ (ፕሮግራሙ የሚጽፈው የክንውን መዝገብ) ነው። የመንገዱን ስም ስትመዘግቡም ቅርጹን እንጂ ሙሉውን አድራሻ አትውሰዱ። ትዕዛዝ ቁጥር 7 እና ትዕዛዝ ቁጥር 8 አንድ መንገድ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ቋንቋችሁ የራሱ ህመም አለው

አፕሊኬሽኑ የተጻፈበት ቋንቋ የሚታመምበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጃቫ ከሆነ ለጋርቤጅ ኮሌክሽን (የማያስፈልግ ሜሞሪ ለማጽዳት) ፕሮግራሙ የሚቆምበትን ጊዜ ርዝመትና ሂፑ (ፕሮግራሙ ዳታውን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) ላይ ከጽዳት በኋላ የሚቀረውን መጠን ተከታተሉ። ሂፕ ሞልቶ ሲጸዳ መጋዝ መምሰሉ የጤና ነው። የመጋዙ ታችኛ ጫፍ ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ ከሄደ ግን የሜሞሪ ማፍሰስ አለ።

ኖድ ጄኤስ ከሆነ የኢቨንት ሉፕ (ሥራዎችን ተራ በተራ የሚያስኬደው ዑደት) መዘግየት ዋናው ነው። ጃቫስክሪፕቱ የሚሄደው በአንድ ክር ላይ ስለሆነ አንድ ከባድ ስሌት ሁሉንም ያስቆማል። 4 ኮር ባለው ማሽን ላይ አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዞ አጠቃላይ ሲፒዩው 25 በመቶ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። መግቢያው ላይ ያነሳሁት ዓይነት እንቆቅልሽ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ፒኤችፒ ኤፍፒኤም ላይ የወርከሮቹ (ሪኩዌስት የሚያስተናግዱት ፕሮሰሶች) ብዛት ጣሪያውን መንካቱንና የወረፋውን ርዝመት እዩ። የስታተስ ገጹን ካበራችሁት ሁለቱንም ይሰጣችኋል። ጎ ላይ የጎሩቲን (ጎን ለጎን የሚሄዱ ትንንሽ ሥራዎች) ቁጥር ያለማቋረጥ ከጨመረ አንድ ቦታ ላይ የማይመለስ ነገር የሚጠብቅ አለ።

ፓይተን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጉኒኮርን የሚባለው የፓይተን ሰርቨር ብዙ ወርከር ፕሮሰሶችን ያስነሳል፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ለብቻው ይይዛል። ፕሮሜቲየስ ሲመጣ የሚያገኘው በዚያች ቅጽበት የመለሰለትን አንዱን ነው። ግራፉ ያለምክንያት የሚዘል ከሆነ ይህ ይሆናል። ላይብረሪው ለዚህ የብዙ ፕሮሰስ ሁነታ አለው፤ እሱን አብሩ።

ደረጃ 5፦ የዳታቤዝ ኮኔክሽን ፑሉን በቁጥር እወቁት

ሲፒዩ ቀዝቅዞ ተጠቃሚ ሲንቀራፈፍበት እኔ መጀመሪያ የምከፍተው ይህን ግራፍ ነው።

ፑሉ የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ኮኔክሽኖችን ይይዛል። ሪኩዌስት ሲመጣ አንዱን ይዋሳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚያዝ ማስላት ቀላል ነው፦ በሰከንድ የሚመጣው ብዛት ሲባዛ እያንዳንዱ በሚይዝበት ጊዜ። በሰከንድ 200 ሪኩዌስት ይመጣል፣ እያንዳንዱ ኮኔክሽኑን ለ50 ሚሊሰከንድ ይይዛል። 200 በ0.05 ሲባዛ 10። ፑላችሁ 20 ከሆነ በቂ ነው።

አሁን አንድ ኢንዴክስ የጎደለው ጥያቄ ገባና የመያዣው ጊዜ 150 ሚሊሰከንድ ሆነ። 200 በ0.15፣ 30። ፑሉ ግን 20 ነው። በሰከንድ መጨረስ የሚችለው 133 ያህል ብቻ ነው፣ የሚመጣው 200 ነው። በየሰከንዱ 67 ሪኩዌስት ወረፋው ላይ ይጨመራል። በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ600 በላይ ሪኩዌስት ቆሟል። የአፕሊኬሽኑ ሰርቨር ሲፒዩ ግን ጭጭ ብሏል፤ የሚሠራው ሥራ የለውማ፣ እየጠበቀ ነው።

ሦስት ቁጥር አውጡ፦ የተያዙ ኮኔክሽኖች ብዛት፣ የሚጠብቁ ሪኩዌስቶች ብዛት፣ ኮኔክሽን ለማግኘት የፈጀው ጊዜ። ሦስተኛው ከዜሮ መራቅ ሲጀምር ገና ተጠቃሚው ሳይሰማው እናንተ ታውቃላችሁ። «እንግዲያው ፑሉን 200 እናድርገው» ማለት ግን መፍትሔ አይደለም። ወረፋው ከአፕሊኬሽኑ ወጥቶ ዳታቤዙ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ደግሞ የባሰ ነው። ቀርፋፋውን ጥያቄ አስተካክሉ።

ደረጃ 6፦ አሁን ወደ ማሽኑ

ሊኑክስ ላይ ኖድ ኤክስፖርተርን ጫኑ። ፖርት 9100 ላይ የማሽኑን ቁጥሮች ያወጣል። ክላውድ ላይ ብቻ የሚገጥሙ ጥቂት ነገሮች ስላሉ እነሱን ለይቼ ላንሳ።

ሜሞሪ፦ በአማዞን ክላውድ ላይ ክላውድዋች የሚባለው የክትትል አገልግሎት የኢሲ2 (የኪራይ ማሽን) ሜሞሪንና የዲስክ ሙላትን፣ ማሽኑ ውስጥ ኤጀንት የሚባል ፕሮግራም ካልተጫነ፣ አያሳይም። ሃይፐርቫይዘሩ (አንዱን አካላዊ ማሽን ለብዙ ደንበኞች የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር) ወደ ማሽናችሁ ውስጥ አያይም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ፕሮግራሙ ከተገደለ በኋላ ነው። በተጨማሪም መደበኛው ክትትል ቁጥር የሚሰጠው በየ5 ደቂቃው ነው፤ ዝርዝር ክትትል ሲበራ በየደቂቃው ይሆናል። ለ40 ሰከንድ የቆየ ጭንቅንቅ በ5 ደቂቃ አማካይ ውስጥ ሟሟ ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ስታነቡ ደግሞ «ፍሪ» የሚለውን ሳይሆን «አቬይለብል» የሚለውን እዩ። ሊኑክስ ባዶ ሜሞሪን ለፋይል ካሽ ይጠቀምበታል፤ «ፍሪ» ትንሽ መሆኑ አያስደነግጥም።

ሲፒዩ፦ «ስቲል» የሚለውን መስመር ግራፉ ላይ አስገቡ። ማሽናችሁ ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ ሃይፐርቫይዘሩ ተራ ያልሰጠበት ጊዜ ነው። የክሬዲት ሥርዓት ያላቸው ርካሽ ማሽኖች ላይ ደግሞ የቀረውን ክሬዲት ተከታተሉ። ክሬዲቱ እስካለ ማሽኑ ይፈተለካል፤ ተጨማሪ ከፍሎ መቀጠል ካልተፈቀደለት፣ ሲያልቅ ወደ መነሻ አቅሙ ይወርዳል። ጠዋት ፈጣን፣ ከሰዓት ቀርፋፋ የሚሆን አፕሊኬሽን ካላችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ኮንቴይነር፦ የሲፒዩ ገደብ ካደረጋችሁበት ሊኑክስ ኮታውን የሚቆጥረው በመደበኛው በ100 ሚሊሰከንድ ዙር ነው። ኮንቴይነሩ ኮታውን በ30 ሚሊሰከንድ ከጨረሰ የቀረውን 70 እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። አማካይ ሲፒዩው ዝቅተኛ ሆኖ ፒ99 ሊሰቀል የሚችለው በዚህ ነው። ስለዚህ የ«ትሮትል» ቆጣሪውን ለኩ። ኮንቴይነር በ137 ኮድ ከወጣ በኃይል ተገድሏል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜም ሜሞሪ አልቆበት ነው።

ዲስክ፦ የክላውድ ዲስክ የፍጥነት ጣሪያ አለው። የአማዞን ጂፒ3 ዲስክ ለምሳሌ ካልጨመራችሁበት መነሻው በሰከንድ 3,000 የንባብና የጽሑፍ ሥራ ነው። ዲስኩ ሳይሞላ ፍጥነቱ ሊያልቅ ይችላል። አይኖድም (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያዝ መዝገብ) አትርሱ፤ ሚሊዮን ትንንሽ ፋይል ያለበት ዲስክ ቦታ እያለው «ቦታ የለም» ሊል ይችላል።

ከርነላችሁ 4.20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፒኤስአይ የሚባል መለኪያ አለ። ሥራዎች ሲፒዩ፣ ሜሞሪ ወይም ዲስክ በመጠበቅ ምን ያህል ጊዜ እንዳባከኑ በመቶኛ ይነግራል። ከሎድ አቬሬጅ (የሚሠሩና ተራ የሚጠብቁ ሥራዎች አማካይ ብዛት) ይልቅ እኔ ይህን አምናለሁ።

ደረጃ 7፦ ፕሮሜቲየስን አቁሙ

የተለየ ሰርቨር ላይ አድርጉት። ከአፕሊኬሽኑ ጋር አንድ ማሽን ላይ ካስቀመጣችሁት ማሽኑ ሲወድቅ ምስክሩም አብሮ ይወድቃል። ቁጥር የሚሰበስብበትን ልዩነት 15 ሰከንድ አድርጉ፤ ካልነካችሁት 1 ደቂቃ ነው። ዳታ የሚያቆየው ካልተነገረው ለ15 ቀን ነው። ያለፈውን ወር ከዚህኛው ጋር ማወዳደር የምትፈልጉ ከሆነ አስረዝሙት፣ የዲስኩንም መጠን በዚያው ልክ አስቡ።

ካውንተርን እንዳለ አትሳሉት፤ በሰከንድ የሚጨምርበትን መጠን በ«ሬት» አስሉ። ፕሮግራሙ ተነስቶ ቆጣሪው ከዜሮ ቢጀምርም «ሬት» ያስተካክለዋል። የስሌቱ መስኮት ከመሰብሰቢያው ልዩነት ቢያንስ አራት እጥፍ ይሁን። 15 ሰከንድ ከሆነ 1 ደቂቃ።

የደኅንነቱ ነገር፦ ፖርት 9090 (የፕሮሜቲየስ የራሱ)፣ 9100 እና የአፕሊኬሽናችሁ የሜትሪክስ አድራሻ ለኢንተርኔት ክፍት አይሁኑ። በክላውዱ ፋየርዎል ከፕሮሜቲየስ ሰርቨር ብቻ እንዲደርሱ አድርጉ። ግራፋና ፖርት 3000 ላይ በ«አድሚን» ስምና በ«አድሚን» ፓስወርድ ነው የሚነሳው። በመጀመሪያው መግቢያ ቀይሩት።

ደረጃ 8፦ ለድንጋጤ ሰዓት የሚሆን ዳሽቦርድ

ዳሽቦርድ ብዙ ግራፍ ሲኖረው ያምራል፣ አይጠቅምም። ከላይ፣ ደረጃ 1 ላይ በወረቀቱ የጻፋችኋቸው ሥራዎች የምላሽ ጊዜና ስህተት ይሁን። መሃል ላይ ወረፋዎች፦ ፑል፣ ወርከር፣ ኢቨንት ሉፕ። ታች ማሽኖቹ። ሌሊት የተቀሰቀሰ ሰው ከላይ ወደ ታች እያነበበ እንዲወርድ ነው።

ግቡን አግድም መስመር አድርጋችሁ ግራፉ ላይ ሳሉት። አዲስ ኮድ የወጣበትን ሰዓት ቁም መስመር አድርጉበት፤ ግራፋና ይህን ከማሰማሪያ ስክሪፕታችሁ መቀበል ይችላል። ግራፉ የተሰበረው ከመስመሩ ቀጥሎ ከሆነ ግማሹ ምርመራ አለቀ። ሰዓቱን በሁሉም ቦታ ዩቲሲ አድርጉት፤ ሎግና ግራፍ በሦስት ሰዓት ተለያይተው መመርመር ስቃይ ነው።

ደረጃ 9፦ ሰው የሚቀሰቅስ አለርት

ሰው የሚቀሰቀሰው ተጠቃሚ ሲጎዳ ብቻ ነው። «ሲፒዩ 80 በመቶ አለፈ» ለሊት የሚደወልበት ነገር አይደለም። ሲፒዩ የተከፈለበት ለመሥራት ነው። ምንም ማድረግ የማያስፈልገው አለርት በተደጋገመ ቁጥር ሰው ስልኩን ይዘጋል፣ ትክክለኛውም አብሮ ይዘጋል።

ከግባችሁ ተነሱ። 99.9 በመቶ ስኬት ብላችሁ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ የተፈቀደላችሁ የመበላሸት ጊዜ 43 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። ይህን እንደ በጀት ውሰዱት። በአንድ ሰዓት ውስጥ የበጀቱን 2 በመቶ የሚበላ ፍጥነት ካለ፣ ማለትም ስህተቱ ከተፈቀደው 14.4 እጥፍ ከሆነ፣ ስልክ ይደወል። ቀስ እያለ የሚበላ ከሆነ ጠዋት የሚታይ መልእክት ይበቃል።

ዲስክ ላይ ደግሞ «90 በመቶ ሞላ» ከማለት «በዚህ አያያዙ በ4 ሰዓት ውስጥ ያልቃል» የሚለው ይሻላል። ፕሮሜቲየስ ይህን የሚተነብይ ፈንክሽን አለው።

ክትትሉ ራሱ ቢሞትስ? ሁልጊዜ የሚጮኽ አንድ አለርት ሥሩና ውጭ ላለ አገልግሎት ይላክ። ድምፁ ሲጠፋ ያ አገልግሎት ይደውልላችሁ። አፕሊኬሽኑንም ከሌላ ቦታ፣ ከተቻለ ከሌላ ክላውድ፣ በየደቂቃው የሚጠይቅ ፈታሽ አስቀምጡ። የዲኤንኤስና የሰርተፊኬት ችግር ከውስጥ አይታይም።

ደረጃ 10፦ ሆን ብላችሁ አዘግዩት

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ የሙከራ ሰርቨር ላይ ጭነት ልቀቁበት፤ ኬ6 ወይም ሎከስት የሚባሉት መሣሪያዎች ይሠራሉ። ጭነቱን ቀስ በቀስ ጨምሩና ፒ99 ከግቡ በላይ የሚወጣበትን በሰከንድ የሪኩዌስት ቁጥር ጻፉ። የማሽናችሁ እውነተኛ አቅም ያ ነው።

ከዚያ አንድ የዳታቤዝ ጥያቄ ላይ የ200 ሚሊሰከንድ መዘግየት አስገቡና ሰዓት ያዙ። የፑሉ ግራፍ መቼ ተነቃነቀ? አለርቱ ከስንት ደቂቃ በኋላ ደረሰ? የተቀበለውስ ሰው መልእክቱን አንብቦ ወዴት እንደሚሄድ አወቀ? ካላወቀ መልእክቱ ውስጥ የዳሽቦርዱን ሊንክና መጀመሪያ የሚታየውን ግራፍ ስም ጨምሩ። ከዚያ መዘግየቱን ሌላ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በውጭ ኤፒአይ ጥሪ ላይ፣ አስገብታችሁ ድገሙት።